ዳገት ላይ ለሚለግም አሮጌ መኪና

መኪናችሁ ሜዳ ላይ ደህና እየሄደ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ብቻ ጉልበት የሚያጣ ከሆነ፣ ካንዴላ ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት የነዳጅ ፊልትሮውን ጠርጥሩ። ሜዳ ላይ ሞተሩ ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል፤ የታፈነ ፊልትሮም ያችን ታህል ያሳልፋል። ዳገት ላይ ብዙ ሲጠየቅ ነው የሚጋለጠው።

ዘዴዋ ይቺ ናት። መካኒኩ አሮጌውን ሲፈታ "እንዳትጥለው" በሉት። ነዳጅ በሚገባበት አፍ በኩል ዘቅዝቃችሁ ነጭ ኩባያ ውስጥ ገልብጡት። ቆሻሻው የሚጠራቀመው በዚያ በኩል ነው። ለገጣፎ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ የእኔን ስገለብጠው የቡና አተላ መስሎ ወረደ፤ ከሥሩ ቀይ የዝገት ደቃቅ ተኝቷል። እንዲህ ካያችሁ ታንኩ ሳይዝግ አልቀረም። የመኪናው መመሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢልም ቀጣዩን በግማሹ ቀይሩ። ጥርት ብሎ ከወረደ ግን ጥርጣሬውን ወደ ነዳጅ ፓምፑ አዙሩት።

ሞተሩ ትኩስ እያለ ወይም የነዳጅ መስመሩ ግፊት ሳይለቀቅ እንዳታስፈቱ። መኪናው ኢንጀክሽን (ነዳጁን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጭ) ከሆነ ሞተሩ ቢጠፋም መስመሩ ውስጥ ግፊት ስለሚቆይ ቤንዚኑ ፊት ላይ ይረጫል፤ አጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለማ አለቀ። ፊልትሮው ታንክ ውስጥ ከፓምፑ ጋር ለተገጠመባቸው መኪኖች ይህ ዘዴ አይሆንም።