የሒሳብ የቤት ሥራ ሲከብዳችሁ እንዴት ትጠይቃላችሁ?

«አልገባኝም፣ ሥሩልኝ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ምኑ እንዳልገባችሁ ሰው በምን ያውቃል? ሠርቶ ቢሰጣችሁም ነገ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ እዚያው ናችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄውን እንዳለ ጻፉት፣ ትእዛዙን ጨምሮ። ቅንፍም አትዝለሉ። 1/2ሀ ብላችሁ ስትጽፉ የሀ ግማሽ ይሁን 1 ሲካፈል ለ2ሀ አይለይም፤ ስለዚህ (1/2)ሀ ወይም 1/(2ሀ) በሉ።

ዋናው ግን የሞከራችሁት ነው። ስህተትም ቢሆን አሳዩ። እኔ እንደውም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ 3 − 2(ሀ − 4) = 7 የሚል እኩልዮሽ ተሰጣችሁ እንበል። የመጀመሪያ መስመራችሁ 3 − 2ሀ − 8 = 7 ከሆነ፣ ሀ = −6 ይወጣላችኋል። እስቲ በተሰጣችሁ እኩልዮሽ ውስጥ −6ን በሀ ቦታ ተኩት፤ 23 ይመጣል እንጂ 7 አይመጣም። አሁን ጥሩ ጥያቄ አላችሁ፦ «ቅንፉን ስፈታ −8 አገኘሁ፣ መጨረሻ ላይ ሀ = −6 ወጣ፣ ግን ስተካው ልክ አልመጣም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ይህን ያየ ሰው −2 በ−4 ሲባዛ +8 እንደሚሆን ባጭሩ ይነግራችኋል። ቀሪውን ራሳችሁ ሠርታችሁ ሀ = 2 ታገኛላችሁ።

ፎቶ ከላካችሁ የሚነበብ ይሁን። የትኛውን ዘዴ እንደተማራችሁም ጥቀሱ፤ ገና ባልደረሳችሁበት ዘዴ ቢያስረዷችሁ ጭራሽ ግራ ትጋባላችሁ። መልስ ሲመጣ ያልገባችሁ መስመር ካለ እሱን ለይታችሁ እንደገና ጠይቁ፣ ምንም አያሳፍርም።