ስክሪኑ ላይ ያለውና ቆዳው ላይ የሚደርሰው፦ የሕክምና ሌዘር ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሌዘሩ ሳተ ወይም አቃጠለ ሲባል መጀመሪያ የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማሽኑ የታዘዘውን አውጥቷል። ጨረሩ የተበላሸው ከማሽኑ ወጥቶ ቆዳው ላይ እስኪያርፍ፣ በመስታወቱ፣ በሌንሱ፣ በፋይበሩ (ጨረሩን በሚያስተላልፈው ቀጭን የብርጭቆ ክር) ወይም በያዘው እጅ ነው።

ቀዩን ነጥብ ሳይፈትሹ ማመን

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም። የምታዩት ቀይ ነጥብ የሌላ ትንሽ ሌዘር ብርሃን ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፉ የሚያደርጉት ጨረሩን ወደ ታካሚው በሚያደርሰው የማሽኑ ክንድ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ያሉት መስታወቶች ናቸው፤ አንዱ በትንሹ ከተዛነፈ ነጥቡ ኪንታሮቱ ላይ እያለ የሚቃጠለው አጠገቡ ያለው ጤነኛ ቆዳ ይሆናል። ማሽኑን ደሴ ላይ ጭኖ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ እያንገጫገጩ አውርዶ፣ ኮምቦልቻ እንደደረሱ ሶኬት ሰክቶ ታካሚ ማስተኛት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? «ትናንት ደህና ሲሠራ ነበር» መልስ አይሆንም፤ ትናንት መንገድ ላይ አልነበረም።

ፈተናው ደቂቃዎች ብቻ ይፈልጋል። የምላስ መጫኛ እንጨት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ኃይሉን 2 ወይም 3 ዋት፣ ጊዜውን 0.1 ሰከንድ አድርጋችሁ፣ ሌንሱ በሚያተኩርበት ርቀት አንዴ ተኩሱ። የተቃጠለው ነጥብ ከቀዩ ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ ክንዱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዘረጋችሁ ድገሙት። በአንድ አቅጣጫ ገጥሞ በሌላው ከሳተ፣ አልገጠመም ማለት ነው። ብሎኑን እዚያው በስክሩድራይቨር መነካካት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ አንዱን መስታወት ስታስተካክሉ ሌላው ይዛባል። የሠለጠነ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ) ባለሙያ አስጠሩ።

በዚያው ጉዞ ሌላም ነገር አለ። በደሴ ብርድ ያደረ ማሽን ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሽፋኑን አትክፈቱ፤ አታብሩትም።

የደከመን ጨረር ቁጥር በመጨመር ማካካስ

10 ዋት አልሠራ ሲል 13፣ እሱም ሲደክም 16 ማድረግ የተለመደ ነው። ጨረሩ የደከመው ግን ሌንሱ በጭስና በቅንጣት ስለተሸፈነ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ሌላ ሰው ሌንሱን ያጸዳዋል፤ ያው 16 ዋት ሙሉውን ይወርድና ቆዳውን ከታሰበው በላይ ይበሳዋል። ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት በፓወር ሜትር (በጨረር ኃይል መለኪያ) ለኩ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ሌዘር መስፈርት በታዘዘውና በወጣው መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 20 በመቶ ነው። 10 ዋት ታዝዞ 7.5 ከወጣ ሥራ ይቁም። በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ኃይል ለክታችሁ ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ።

ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ አይጠረግም። መጀመሪያ አቧራውን በንጹሕ አየር አስለቅቁ፤ ከዚያ የሌንስ ወረቀት በንጹሕ አሴቶን አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ አንዴ ጎትቱ። ወረቀቱን አትድገሙት። የመርፌ ቦታ የምናጸዳበት 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት እድፍ ይተዋል።

የነጥቡን ስፋት መርሳት

ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የሚያርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። 7.85 ጁል በ10 ሚሊሜትር ነጥብ ላይ 10 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ያው ጉልበት በ5 ሚሊሜትር ነጥብ 40 ይሆናል። ስለዚህ ጫፉን ቀይራችሁ ማሽኑ ጫፉን ራሱ የማያውቅ ከሆነ፣ ስፋቱን ስክሪኑ ላይ ቀይሩ። የርቀት መለኪያዋን ዘንግ «ታስቸግራለች» ብሎ ነቅሎ መጣልም ያው ነው፤ ርቀቱ ሲቀየር የነጥቡ ስፋትም ይቀየራል።

ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ሠንጠረዥ መጠቀም

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መነሻ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከነጭ ቆዳ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የላይኛው ሽፋን ሜላኒን (የቆዳ ማቅለሚያ) ጨረሩን ቀድሞ ይውጠዋል። ለጸጉር ማስወገጃ ከ755 ይልቅ 1064 ናኖሜትር ይሻላል፤ የአንዱ ምት (የአንድ ተኩስ) ቆይታም ከ20 ሚሊሰከንድ ባያንስ ጥሩ ነው፤ የላይኛው ቆዳ በምቱ መካከል ሙቀቱን የማራገፊያ ጊዜ ያገኛል። ማቀዝቀዣ አይለየው። በማይታይ ቦታ ትንሽ ሞክራችሁ ቢያንስ 48 ሰዓት ጠብቁ። ታካሚዋ ከሩቅ መጥታ «ዛሬውኑ ጨርሱልኝ» ብትልም ያው ነው።

ፋይበርን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ መቁረጥ

በተራ መቀስ የተቆረጠ ጫፍ ጨረሩን ወደ ጎን ይበትነዋል። ሽፋኑን ላጡ፣ በመቁረጫው ስለት አንዴ ብቻ ጫሩ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ከዚያ ቀዩን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉ፤ ጠርዙ የጠራ ክብ ካልሆነና ጭራ ካወጣ እንደገና ቁረጡ። በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ የዳዮድ ሌዘርን የፋይበር ጫፍ ሆን ብሎ ማጥቆር አለ፤ ያ ሌላ ነው። ሳይታሰብ የጠቆረ ጫፍ ግን ጨረሩን ራሱ ውጦ ይግላል፣ ቁስሉንም ያሰፋዋል።

መብራትና ውኃ

220 ቮልቱ ሲዋዥቅ ምቱም እኩል አይሆንም፤ ስታቢላይዘር ይኑር። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ማሽኑ እንደገና ይሙቅ፣ ከዚያ ይለካ። የቧንቧ ውኃ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም፤ የተጣራ፣ ማዕድን የሌለው ውኃ ብቻ። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ የማሽኑ መመሪያ እስከ 2,000 ብቻ የሚል ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አቅራቢውን በጽሑፍ ጠይቁ። አየሩ ስስ ስለሆነ በአየር ማራገቢያ ብቻ የሚቀዘቅዝ ዳዮድ ሌዘር ቶሎ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ጉልበቱ ይወርዳል። በታካሚና በታካሚ መካከል አሳርፉት፤ የአየር መግቢያውን ወንፊትም ከአቧራና ከጨርቅ ብናኝ በየሳምንቱ አጽዱ።