ካፌ ሬሰር የተደረገ ሆንዳ ሲቢ 750ን ወደ ኦርጅናል መልኩ ሲመልሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሆንዳ ሲቢ 750 ፎር በ1968 መገባደጃ ቶኪዮ ላይ ታይቶ በ1969 ገበያ ሲወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ብዙ አሽከርካሪ ማመን አቅቶት ነበር። አራት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 736 ሲሲ፣ 67 የፈረስ ጉልበት፣ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ በኤሌክትሪክ የሚነሳ፤ ይህ ሁሉ አሜሪካ ውስጥ በ1,495 ዶላር። በብዛት ስለተሸጠ ከዓመታት በኋላ በርካሽ የሚገኝ አሮጌ ሆነ። የካፌ ሬሰር ፋሽን (ተራውን ሞተር ሳይክል ቆርጦና አቅልሎ የእሽቅድምድም መልክ መስጠት) ሲመለስ ደግሞ መጋዝ ካረፈባቸው ሞተር ሳይክሎች አንዱ እሱ ነበር። ጅራቱ ተቆረጠ፣ ፓራፋንጎው ተጣለ፣ አራቱ ማርሚታ በአንድ ተተካ፣ መሪው ዝቅ አለ።

እንዲህ የሆነውን ገዝቶ ፋብሪካ እንዳወጣው አድርጎ መመለስ እኔ በጣም የምወደው ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡም ልፋቱም መና ሲቀር አያለሁ። ምክንያቱ የእጅ ሙያ ማነስ አይደለም። ሰው ከፊቱ የቆመው ሞተር ሳይክል መጀመሪያ ምን እንደነበረ ሳያጣራ መፍታትና መግዛት ስለሚጀምር ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

"ሲቢ 750 ሁሉ አንድ ነው" ብሎ ዕቃ መግዛት

ከ1969 እስከ 1976 የወጡት ከኬ0 እስከ ኬ6 ያሉ ሞዴሎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ቀረብ ብለው ካዩ ግን ልዩነታቸው ብዙ ነው። ኬ0 ወንበሩ ከኋላ ቀና ያለ ጫፍ አለው፣ የጎን ክዳኖቹም የአየር ማስገቢያ የሚመስል ክፍተት አላቸው፤ ኬ1 ላይ ሁለቱም ቀርተዋል። በኬ0 እና በኬ1 የፊት መብራቱ ቤትና መብራቱን የያዙት ጆሮዎች በቤንዚን ሰልባቲዮው ቀለም የተቀቡ ናቸው። በ1972 ኬ2 ሲመጣ ጆሮዎቹ ክሮም ሆኑ፣ የመብራቱ ቤትም ጥቁር ሆነ። ማርሚታዎቹም ላይ ማህተም አለ፤ ቀደም ያሉት ኤችኤም 300፣ የኋለኞቹ ኤችኤም 341 ይላሉ።

ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው የኬ2ን የሚያብለጨልጭ ጆሮ ኬ1 ላይ ይገጥምና የኬ0 ወንበር ከላይ ይጭንበታል። ዕቃው ሁሉ እውነተኛ የሆንዳ ነው፤ ሲገጣጠም ግን የትኛውም ፋብሪካ ያላወጣው ሞተር ሳይክል ይወጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡ። የኬ0 ቁጥር ከ1000001 ይጀምራል፤ በ2000001 የሚጀምረው ኬ2 ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተላኩት አብዛኞቹ እዚያው አንገት ላይ የተመረቱበትን ወርና ዓመት የሚናገር ትንሽ ታርጋ አላቸው። የይዞታ ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ የተሸጠበት ወይም የተመዘገበበት ስለሆነ እሱን ብቻ አይመኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር አለመገጣጠሙን አይተው "ሞተሩ ተቀይሯል" ብለው የሚደናገጡ አሉ። በሆንዳ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ ተቀራራቢ መሆናቸው ይበቃል። የሞተሩ ቁጥር 1007414 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ቆም ይበሉ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ 7,414 ሞተሮች ቤታቸው በልማድ "ሳንድካስት" (በአሸዋ ቅርጽ የተቀለጠ) የሚባለው ነው፣ በእርግጥ የተቀለጠው በቋሚ ቅርጽ ቢሆንም፤ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸውም እነሱን ነው። እንዲህ ያለ ከእጅዎ ከገባ አንዲት ቡሎን ሳይነኩ በሞዴሉ የቆየ ባለሙያ ያማክሩ።

የተጨመረውን ሁሉ ቆሻሻ አድርጎ ማየት

ይህ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። በ1970ዎቹ የተሠራ ማሻሻያና ከአሥር ዓመት በፊት ጋራዥ ውስጥ የተሠራ ማሻሻያ አንድ አይደሉም። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዲክ ማን በ1970 ዴይቶና 200 የተባለውን የአሜሪካ ውድድር በሆንዳ ካሸነፈ በኋላ ለሲቢ 750 የእሽቅድምድም ዕቃ የሚሠራው በዝቶ ነበር። ሪክማን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በፋብሪካው ሻንሲ ምትክ የሚገባ የራሱን ሻንሲ ይሸጥ ነበር፣ ዮሺሙራና ከርከር ደግሞ አራቱን ወደ አንድ የሚሰበስቡ ማርሚታዎች ይሠሩ ነበር። በዘመኑ በሪክማን ሻንሲ ላይ የተሠራን ሞተር ሳይክል "ወደ ኦርጅናል መመለስ" ማለት ታሪክ ማፍረስ ነው፤ እንዳለ ይጠገን። በተራው ሞተር ሳይክል ላይ የተገጠመ የዘመኑ ማርሚታም ቢሆን አይጣል፤ ፈላጊ አለው፣ ሲሸጥ የሌላ ዕቃ ወጪ ይሸፍናል።

አራቱ ኦርጅናል ማርሚታዎች የጠፉትም ሁልጊዜ በፋሽን ምክንያት አይደለም። ውስጣቸው ውሃ ይቋጥራል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ። ዋጋቸው ከባድ ስለነበረ ብዙ ባለቤት ተቸግሮ ነው ባለ አንዱን የገጠመው። ዛሬም ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነሱ ስለሆኑ፣ ሌላውን ጨርሰው መጨረሻ ላይ ከመደንገጥ ሞተር ሳይክሉን ሲገዙ ዋጋቸውን አስቀድመው ያስሉ።

በተራ ካቻቢቴ መፍታት

የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ባለ መስቀል ቡሎን ከተለመደው የፊሊፕስ ካቻቢቴ ጋር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም። ጄአይኤስ የሚባል የጃፓን ደረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ይኖረዋል። የፊሊፕስ ጫፍ እስከ ታች አይገባለትም፣ ሲጠመዘዝም ወደ ላይ እየተንሸራተተ መስቀሉን ይበላዋል። ቡሎኑ ብረት፣ የሞተሩ ክዳን አሉሚኒየም ነው፤ ሃምሳ ዓመት አብረው ሲቀመጡ ተያይዘዋል። የጄአይኤስ ካቻቢቴ፣ በመዶሻ ሲመታ የሚዞር ማላቀቂያና ትንሽ ሙቀት ካዘጋጁ አብዛኛው ጭንቅላቱ ሳይበላ ይወጣል። ጭንቅላቱ የተበላ ቡሎን በመሰርሰሪያ ማውጣት ግን ክዳኑንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የተቆረጠውን ጅራት በዓይን ለክቶ መበየድ

ካፌ ሬሰር ሲሠራ የሻንሲው የኋላ ጫፍ ይቆረጥና ቀለበት የመሰለ ቱቦ ይበየድበታል። አብረው የሚሄዱት የወንበሩ ማጠፊያዎችና የኋላ ፓራፋንጎው መያዣዎች ናቸው። መመለሻው ከሌላ ተመሳሳይ ሻንሲ የተቆረጠ ጅራት ገዝቶ መቀጠል ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው በፊት ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ያጋደለ ጅራት ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ወንበሩ ሲዘጋ ግን መቆለፊያው አይደርስም፣ ፓራፋንጎው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በትንሹ ነካ ነካ አድርገው ካያያዙ በኋላ እውነተኛውን ወንበር፣ እውነተኛውን ፓራፋንጎና የኋላ አሞርቲዛተሮቹን ገጥመው፣ ጎማውን አስገብተው ከኋላ ቆመው ይመልከቱ። ሁሉም ሲገጥም ብቻ ሙሉው ብየዳ ይከተል። ቀለምም ከዚህ በፊት አይታሰብ።

ሻንሲውን በፓውደር (በዱቄት ቀለም) የሚያስቀቡ ከሆነ አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር እንዲሸፈንልዎ አጥብቀው ይንገሩ። ወፍራሙ ቀለም ቁጥሩን ይሞላዋል፤ የማይነበብ ቁጥር ያለው ሞተር ሳይክል ደግሞ ሲመዘገብም ሲሸጥም ጣጣ ነው።

ሽቦውን በመኪና ልማድ መቀጠል

የካፌ ሬሰር ሠሪዎች ሽቦ "ለማሳጠር" ይወዳሉ፤ ፍሬቻው ይነሳል፣ ሪሌው ይጣላል፣ የተረፈው በፕላስተር ይጠቀለላል። ከዚያ ባለቤቱ ለመመለስ ሲቀመጥ ጥቁሩን ሽቦ ማሳ ነው ብሎ ከሻንሲው ጋር ያስረዋል። በሆንዳ ማሳው አረንጓዴ ነው። ቀዩ ከባትሪ ይመጣል፤ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚይዘው ነው። ጥቁሩን ከማሳ ጋር ማገናኘት ፊውዝ ማቃጠል ነው፤ ፊውዙን አንሥቶ በሽቦ የቀጠለ ሰው ካለ ደግሞ የሚቃጠለው ገመዱ በሙሉ ነው።

አምስትና ስድስት ቦታ የተቆረጠን ገመድ መቀጣጠል አልመክርም። ለሞዴሉ የተሠራ ሙሉ አዲስ ገመድ ይገኛል፣ ያንን ይግዙ። አሮጌውን ግን እስከ መጨረሻው ያቆዩት፤ የትኛው ቅርንጫፍ የት እንደሚያልፍ የሚያሳየው እሱ ነው።

የአየር ማጣሪያውን ቤት መልሶ ካርቡሬተሩን መርሳት

አራቱ የኬይሂን ካርቡሬተሮች ከትልቁ የአየር ማጣሪያ ቤት ጋር ተመጣጥነው የተሠሩ ናቸው። ካፌ ሬሰሩ ላይ ቤቱ ወጥቶ ትንንሽ ክፍት ፊልትሮዎች ሲገቡ አየሩ ስለሚበዛ፣ ጂግለሮቹ (የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑት ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ዕቃዎች) በትልልቅ ተቀይረው ወይም በመሰርሰሪያ ሰፍተው ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲመለስ አየሩ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ግን እንደበዛ ይቀራል፤ ካንዴላዎቹ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ብዙዎች ይህን የእሳት ችግር ነው ብለው ኮይል ይቀይራሉ። ጂግለሮቹን አውጥተው ቁጥራቸውን ያንብቡ፣ ቀዳዳቸው የተነካ ከሆነ ለሞዴሉ በተጻፈው ቁጥር ይተኩ። ከዚያ አራቱን ካርቡሬተሮች በቫኩም ጌጅ እኩል ማስተካከል ይቀራል። የደረቁትን የጎማ ማያያዣዎች በጉልበት አያስገቡ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆዩ ካልለሰለሱ አዲስ ይግዙ።

የካንዲ ቀለምን ከካታሎግ ስም መርጦ ማስቀባት

እዚህ ጋ ጊዜ ልውሰድ፤ ሞተር ሳይክሉን ከሩቅ የሚያሳውቀው ቀለሙ ነው። የ1969ኞቹ ካንዲ ብሉ ግሪን፣ ካንዲ ሩቢ ሬድ እና ካንዲ ጎልድ ተራ ቀለም አይደሉም። ከታች የሚያብረቀርቅ ብረታማ ቀለም ይቀባል፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ባለ ቀለም ንብርብር፣ ከዚያ ጥርት ያለ ቫርኒሽ። የመሃለኛው ንብርብር አንድ ዙር በጨመረ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ይዘው ሁለት ቀቢዎች ሁለት የተለያየ ቀለም ያወጣሉ።

መጀመሪያ የእርስዎ ምን ቀለም እንደነበረ ይፈልጉ። በወንበሩ የሚሸፈነውን የሰልባቲዮውን የኋላ ጫፍ በእርጥብ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ክብ እያደረጉ ቀስ ብለው ይሹት። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አንዱ በሌላው ውስጥ እየተከፈተ ይመጣል፦ የካፌ ሬሰሩ ጥቁር፣ ግራጫው መሠረት፣ አንዳንዴ ስቱኮ፣ ከዚያ ፀሐይ ያልነካው የፋብሪካው ቀለም። ያቺ ጥፍር የምታህል ቦታ ከማንኛውም የቀለም ካርድ ትበልጣለች፤ ፎቶ አንሡ፣ ቀቢውም በዓይኑ ይያት። ቀጥሎ ቁራጭ ላሜራ ላይ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፣ አራት ዙር ጎን ለጎን ያስቀቡና ቫርኒሽ ካረፈበት በኋላ ፀሐይ ላይ አውጥተው ያስተያዩ። በጋራዥ መብራት የተመረጠ ካንዲ ውጭ ሲወጣ ሌላ ነው።

የኬ0 ባለቤት ከሆኑ የአየር ማጣሪያው ቤትም በሰልባቲዮው ቀለም እንደነበረ አይርሱ፤ ኬ1 ላይ ጥቁር ሆኗል። የሚቀባውን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ያስቀቡት። ከመቀባቱ በፊትም ሰልባቲዮው ላይ ማግኔት ያሂዱ። የወረደው መሪ ሲዞር እንዳይነካው ጎኑ ተደብድቦ በስቱኮ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ያንን ይናገራል።

ከፋብሪካው በላይ ማሳመር

ክሮም ያልነበረውን ክሮም ማስነከር፣ የሞተሩን ክዳን እንደ መስታወት መወልወል፣ ቡሎኑን ሁሉ በማይዝግ ብረት መተካት። ያምራል፣ ግን ኦርጅናል አይደለም። ክዳኑ በኃይል ሲወለወል ጠርዞቹ ይሟሟሉ፣ የጠፋ ጠርዝ ደግሞ አይመለስም። የቡሎኖቹ ጭንቅላት ላይ የአምራቹ ምልክት አለ፤ በከረጢት ለይተው፣ ከየት እንደወጡ ጽፈው፣ አንድ ላይ ዚንክ ማስነከር ከአዲስ ግዢ ይረክሳል። ውበቱ ካልተነካ ያረጀ ዕቃን ትቶ ማለፍም ሙያ ነው፦ ፊቱ ትንሽ የደበዘዘ ኦርጅናል የፍጥነት ቆጣሪ ከአዲስ ቅጂ ይሻለኛል።

መልኩ ሲያልቅ ሥራው አለቀ ማለት

የሲቢ 750 የፊት ፍሬን መያዣ በአንድ ክንድ ላይ የሚወዛወዝ ነው። ክንዱ የሚዞርበት ፒን ሲዝግ ፍሬኑ በአንድ ጎን ብቻ ይይዛል፣ ወይም ይዞ አይለቅም። ፈትተው ያጽዱት፣ ቅባት ያድርጉለት፣ የውስጥ ጎማዎቹንና የፍሬን ዘይት ቱቦውን በአዲስ ይተኩ። ኦርጅናል ቱቦ ላይ ሙጭጭ ማለት የለብዎትም፣ ጎማ ያረጃል።

ካፌ ሬሰሩ ላይ ወፍራም ጎማ ተገጥሞ ከሆነ ቸርኬውም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ይለኩ፤ የፋብሪካው ፊት 19 ኢንች፣ ኋላ 18 ኢንች ነው። የጎማው ጎን ላይ ከዲኦቲ (DOT) ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ሦስት አኃዝ ብቻ ካዩ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በእሱ መንገድ አይውጡ።