ፑል ስትጫወቱ አንገታችሁን የሚያስይዙ ስህተቶች

አንድ ማታ ከፑል ቤት ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ጓደኛዬ ከኋላዬ ጠራኝ። አንገቴ አልዞር አለ። ሙሉ ሰውነቴን ይዤ ነው የዞርኩት። ቀኑን ኮምፒውተር ላይ፣ ማታውን ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሼ ነበር የዋልኩት። "ትራስህ ነው" አሉኝ። ትራስ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ አቋቋሜ ላይ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የባሰም አለ። የ2002 (እ.ኤ.አ.) የስኑከር (በትልቅ ጠረጴዛ የሚጫወቱት የፑል ዘመድ) የዓለም ሻምፒዮን ፒተር ኤብደን በ2020 ጨዋታውን ያቆመው አንገቱ አላስቀምጠው ብሎ ነው።

አገጭን ስቲኩ ላይ መለጠፍ

የስኑከር ተጫዋቾች አገጫቸውን ስቲኩ ላይ አስነክተው ሲመቱ በቲቪ አይተን እኛም እንደዚያው እናደርጋለን። ግን ደረት ወደ ጠረጴዛው በወረደ ቁጥር፣ ወደ ፊት ለማየት አንገት ወደ ኋላ መቀልበስ አለበት። ጭንቅላት ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ያን ሁሉ ክብደት ማጅራት ይዞ ይቆያል። የፑል ጠረጴዛ ከስኑከር ያንሳል፣ ቀዳዳውም ሰፋ ይላል፤ ለአብዛኛው ምት ያን ያህል መውረድ አያስፈልግም። በአገጫችሁና በስቲኩ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ተዉ። መጀመሪያ ላይ ኳስ ትስታላችሁ። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል መሳቂያ ሆኜ ነበር። ዓይን ግን ይለምዳል።

ተጎንብሶ ማሰብ

የቱን ኳስ፣ በየት በኩል፣ በምን ጉልበት የሚለውን ቆማችሁ ጨርሱ። ከዚያ ውረዱ፣ ምቱ፣ ተነሱ። ሐሳብ ከቀየራችሁም ቀና በሉ። ስትወርዱ ደግሞ ከዳሌ እጠፉ፣ ጉልበት ትንሽ ይላላ። የላይኛው ጀርባ ከጎበጠ አንገት የባሰ መቀልበስ አለበት።

እግርን ረስቶ አንገትን ማዞር

ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በቀኙ የሚጫወት ሰው ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሲስብ ደረቱ ወደ ቀኝ ይከፈታል። ኳሷን ለማየት ፊቱን ወደ ግራ ማዞር ግድ ይለዋል። ስለዚህ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሷል፣ በዚያ ላይ ተጠምዝዟል። ሁለቱ ሲደመሩ ፊት በዞረበት በኩል ነርቮች ከአንገት አጥንት የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ይጠብባሉ። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ እስከ ክንዱ የሚወርደው ለዚህ ነው። የፊተኛው እግራችሁን ጣትና ዳሌያችሁን ወደ ምቱ አቅጣጫ ትንሽ አዙሩት። አንገት የሚዞረው ያን ያህል ይቀንስለታል።

እጅ መቀየርን መናቅ፣ ወይም ሳያጣሩ መቀየር

በ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የስኑከር የዓለም ሻምፒዮና ቀኝ ተጫዋቹ ሮኒ ኦሱሊቫን በግራው ሲመታ፣ ተጋጣሚው አላን ሮቢዱ እንደ ንቀት ቆጥሮበት ተቆጥቶ ነበር። የእኛም ፑል ቤት ከዚያ አይሻልም። በግራዬ የጀመርኩ ቀን "ግራኙ መጣ!" ተባልኩ፤ እስከ ዛሬም ስሜ እሱ ነው።

በግራ ስትጫወቱ አቋቋሙ ይገለበጣል፣ ፊትም ወደ ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና ፊታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዙሩ። ወደ ግራ ሲዞር የሚያማችሁ ቀኝ ተጫዋቾች ከሆናችሁ፣ እጅ መቀየር ሊያሳርፋችሁ ይችላል። የሚያማችሁ ወደ ቀኝ ሲዞር ከሆነ ግን መቀየሩ ያብሰዋል፤ ይቅርባችሁ። ስትለምዱም ከአጫጭርና ቀጥ ካሉ ምቶች ጀምሩ። በአንድ ማታ ሙሉ ጌም በግራ መሞከር ትከሻን ማስያዝ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ፦ እጅ ቢቀየርም ዋናው ዓይን፣ ማለትም የምታነጣጥሩበት ዓይን፣ አይቀየርም። አውራ ጣታችሁን ዘርግታችሁ በሁለቱም ዓይኖቻችሁ እያያችሁ ራቅ ያለ ነገር ላይ አነጣጥሩ፤ ከዚያ ዓይኖቻችሁን በየተራ ጨፍኑ። ብቻውን ተገልጦ ሲያይ ጣቱ ከቦታው ንቅንቅ የማይልበት ዓይን እሱ ነው። ስቲኩን ወደዚያ ዓይን ሥር አምጡት እንጂ አንገታችሁን ወደ ስቲኩ አትጎትቱ።

በማንበቢያ መነጽር መጫወት

ስትጎነበሱ በፍሬሙ አናት በላይ ማየት ትጀምራላችሁ፤ በመስታወቱ ለማየት አገጭ ከፍ ይላል፣ ማጅራትም ይከፍላል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የስኑከር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዴኒስ ቴይለር የተገለበጠ የሚመስል ግዙፍ መነጽር ያደረገው ወዶ አይደለም። መስታወቱ ወደ ላይ የረዘመው ጎንበስ ሲልም በውስጡ እንዲያይ ነው።

አንገትን ማስጠምዘዝ

ጸጉር ቤት ከቁርጥ በኋላ አንገት ይዞ "ቋ" የሚያስብል አለ። ወጌሻም ጋ የሚሄድ አለ። እኔም አስደርጌያለሁ፣ ደስ ይላል። ግን በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር አለ፤ ድንገተኛ ጥምዘዛ ሊሰነጥቀው ይችላል። እጅ ከደነዘዘ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረ፣ ስትራመዱ ከተንገዳገዳችሁ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ጨዋታውን ተዉትና ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ተራ ሲጠብቁ ስልክ ላይ ማቀርቀር

ተቃራኒያችሁ ሲመታ አንገታችሁ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ጠረጴዛውን እዩ፣ ትከሻችሁን አዙሩ። እኔ ስልኬን አሁን ከኪሴ አላወጣም። የማወጣው ጌሙ ሲያልቅ ነው፤ ተሸናፊ ከፋይ ስለሆነ በቴሌብር ልከፍል።