ልጅዎ በእጁ የሠራውን ዕቃ እንዲሸጥ እንዴት ያግዙታል?

ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ «ይህን ሠርቼ ብሸጠውስ?» ብሎ ሲመጣ ወላጅን የሚፈትነው ነገር አንድ ነው፤ ሥራውን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ማሳመር። ከዚህ ከተቆጠቡ ሌላው ቀላል ነው።

መጀመሪያ አንድ ዕቃ ብቻ ይምረጡ። ልጁ ያለማንም እገዛ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰው ይሁን። የመጽሐፍ ዕልባት፣ የሰላምታ ካርድ ወይም የዶቃ አምባር ለጅምር ይበቃል። እሳት፣ ትኩስ ሙጫ ወይም ምላጭ የሚጠይቀውን እስኪያድግ ያቆዩት።

ዕልባትን እንውሰድ። ኤ4 የሚባለው ወፍራም ወረቀት 5 በ14 ሴንቲሜትር ሆኖ ሲቆረጥ 8 ዕልባት ይወጣዋል። ልጁ በማስመሪያ ይለካ፣ በእርሳስ ያስምር፣ ጫፉ ባልሾለ መቀስ ይቁረጥ። ስዕሉን ከጨረሰ በኋላ ከላይ በኩል አንድ ቀዳዳ ይብሳ፤ ቀለማቸው የተለያየ ሦስት ክሮች አሳልፎ ይቋጥር፣ እንደ ሹሩባ ይጎንጉናቸው፣ ጫፋቸውን ይሰር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቱ ጠማማ ይሆናሉ። አይንኳቸው። እኔ አንድ ጊዜ የልጄን ጉንጉን ፈትቼ፣ አስተካክዬ ስመልስላት «እንግዲያው አንቺ ሽጪው» ብላኝ ተነሥታ ሄደች። እውነቷን ነበር። በማግስቱ ያለ እኔ የሠራችው ስምንተኛው ዕልባት ጉንጉኑ ከላይ እስከ ታች እኩል ነበር። ለገበያ የማይሆነውን ልጁ ራሱ ይለይ፤ «አንተ ብትሆን በገንዘብህ ትገዛው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ቀጥሎ ሰዓት ይያዝ። አንዱ 20 ደቂቃ ከፈጀ 10 ዕልባት 200 ደቂቃ ይወስዳል፤ በቀን 40 ደቂቃ ለሚሠራ ልጅ 5 ቀን ማለት ነው። ትእዛዝ ሲመጣለት «ነገ አደርሳለሁ» ብሎ ቃል ከመግባት የሚያድነው ይህ ሒሳብ ነው።

ለወረቀትና ለክር የሚሰጡት ገንዘብ ስጦታ ሳይሆን ብድር ይሁን። ልጁ ወጪውን ደምሮ ለተሠሩት ዕልባቶች ያካፍል። የአንዱ ወጪ ይኸው ነው፤ ከዚያ በታች ከሸጠ ይከስራል፤ የድካሙን ደግሞ ይጨምርበት። ሁለት ጣሳ ያዘጋጁለት። ከእያንዳንዱ ሽያጭ የወጪው ድርሻ በአንዱ፣ ትርፉ በሌላው ይግባ። የተቀበለው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ እንዳልሆነ በዓይኑ ያያል፤ ብድሩንም ከመጀመሪያው ጣሳ ራሱ ቆጥሮ ይመልሳል።

የመጀመሪያ ደንበኞቹ ዘመድና ጎረቤት ይሁኑ። ሰላምታ መስጠትን፣ ዋጋ መናገርንና መልስ መቁጠርን ቤት ውስጥ ያለማምዱት፤ ሲሸጥም አጠገቡ ይሁኑ። ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም በአደባባይ ከሆነ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። በኢንተርኔት የሚወጣው የዕቃው ፎቶ ብቻ ነው፤ የልጁ ፊት፣ ስምና ትምህርት ቤት አይታይ። የዶቃ ሥራ ከሆነ ዶቃ ሕፃናትን ሊያንቅ ስለሚችል «ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት።

የተረፈውን ደግሞ ልጁ እንዳያዝን ብለው ራስዎ ጠቅልለው አይግዙት። የትኛው ቀለም ቶሎ እንዳለቀ፣ የትኛው እንደቀረ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ለሚቀጥለው ዙር ክር ሲገዛ መራጩ እሱ ይሁን።