ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ነጠላዋን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋ ጉድ ሆነች። ጥለቱ ወይቦ፣ ፈትሉ ሳስቶ የሸረሪት ድር መስሏል። «በእንዶድ ብታጥቢው ምን ነበረበት?» ስላት ሳቀችብኝ። የከተማ ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። እኔ ያደግሁት አንኮበር አካባቢ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ የጥምቀት ልብሷን ሳሙና አታስነካም።

መጀመሪያ ፍሬው። እንዶድ አጥርና ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በዘለላ ይንዠረገጋል። የሚለቀመው ታዲያ አረንጓዴ ሳለ ነው። ልጅ ሆኜ ቀዩ ዓይኔን ስቦት አንድ ቁና ሙሉ የበሰለ ለቅሜ ገባሁ። እናቴ አየት አድርጋ «ይሄማ አልፎበታል» ብላ ደፋችው። አረፋ የሚሰጠው ያልቀላው ነው። ለቅማችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ሲጨብጡት እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ። አጥር ለሌለን የከተማ ሰዎች ደረቁ ገበያ ላይ ይገኛል።

ከዚያ መውቀጥ። ይሄን ደጅ አድርጉት! እኔ አንዴ ብርዱን ሸሽቼ ኩሽና ውስጥ በሩን ዘግቼ ወቀጥኩት። ብናኙ አፍንጫዬ ገብቶ እስከ ማታ ሳስነጥስ ዋልኩ፤ ዓይኔም በርበሬ የገባበት ይመስል ነበር። አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፍኑ። ሙቀጫውም ለብቻው ይሁን። እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ነው። ድሮ ለኮሶ ብለው የሚጠጡት ነበሩ፤ እናንተ እንዳትሞክሩት።

ለአንድ ነጠላ አንድ ሲኒ ዱቄት ይበቃል፣ ለጋቢ ሦስት። ለብ ባለ ውሃ በጥብጡትና አረፋው ሳፋውን እስኪሞላ በእጃችሁ ምቱት። በቀጭን ጨርቅ አጥልሉት፤ ካልተጠለለ ገለባው ድሩ ውስጥ እየተሰገሰገ ስትለቅሙ ትውላላችሁ። ነጠላውን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። እስከዚያ ጦስኝ አፍሉ። የጣርማ በር ጦስኝ ከሆነማ ስኳር ባይኖርም ግድ የለም።

ነጠላ በመዳፍ ብቻ ነው የሚታሸው። ድንጋይ ላይ መደብደብ የለም። ጋቢ ግን ጉልበት ስለሚፈልግ በእግር ይረገጣል፤ እግራችሁ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ያቃጥላችኋል። ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቁት።

እጣቢውን ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉ። ዓሣ ይገድላል። ቀንድ አውጣም ይገድላል፤ እንዲያውም ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስማቸው የተነሣው በዚሁ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ሄደው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። የቢልሃርዝያን ትል የሚያዛምተው ደግሞ የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ ተነሥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዶድን አጠኑ። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ ሳያውቁት ወንዙን ከበሽታ ያጸዱ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም ዓሣው ምን በደለ? እጣቢውን መሬት ላይ ድፉት።

ግራዋም በዚሁ ላንሣ፤ እሱ ለጋንና ለእንስራ ነው። በቅጠሉ ታሽቶ ይታጠባል፣ ሲደርቅ በወይራ ይታጠናል። ስለ ጠላ ዕቃ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ።

ወደ ነጠላው ልመለስ። አትጠምዝዙት። ሁለት ሆናችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ አራግፉት፣ ከዚያ ጥላ ላይ አስጡት። ገና እርጥበት ሳለው ጥለቱን በጣት እየሳባችሁ አቃኑት። እንዲህ ከሆነ ካውያ አይፈልግም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለ? ለጥር 11 የምትፈልጉት ከሆነ ጥር 8 እጠቡት፤ ደመና ቢውልም ይደርሳል።

ጎረቤቴ የቀራትን አንድ ነጠላ ይዛ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች። ሙቀጫውን በረንዳ ላይ አውጥቻለሁ።