«እኔ አለሁላት» ከማለታችሁ በፊት፦ እንግሊዝ አገር ቤተሰብ የምታስታምሙ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

እማዬ ስትሮክ መቷት ከሆስፒታል የወጣች ቀን ነርሷ «ቤት ማን ይንከባከባታል?» አለችኝ። «እኔ አለሁላት» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ነርሷ ጻፈች። መድኃኒቱን በላስቲክ አንጠልጥለን ታክሲ ያዝን። ያቺ አንዲት ቃል ስንት እንዳስከፈለችኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የምኖረው ለንደን ነው። የምጽፈውም ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ አንዳንዱ ነገር ይለያል። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ስንጫወት የሰማኋቸው ናቸው።

«ልጇ ነኝ እንጂ ኬረር አይደለሁም»

ኬረር ሲባል ዩኒፎርም ለብሳ፣ ጓንት አጥልቃ በሰዓት የሚከፈላት ሴት ትመጣብናለች። ፎርም ላይ «ኬረር ነዎት?» የሚል ሳጥን ስናይ አልፈነው እንሄዳለን። ለነገሩ አስታማሚ የሚል ጥሩ ቃል አለን። ግን እናትን ማስታመም ከሥራ የሚቆጠር አይመስለንም። እዚህ አገር ግን ይቆጠራል። እናንተ ካልተናገራችሁ የሚቆጥርላችሁ የለም እንጂ።

መጀመሪያ ጂፒያችሁ ጋ ኬረር መሆናችሁን አስመዝግቡ። አንድ ስልክ ነው። የጉንፋን ክትባት በነፃ ታገኛላችሁ። እናታችሁ ከፈቀደች ደግሞ ስለ ጤናዋ እናንተን ያናግሯችኋል።

ነገሩ ልመና ለሚመስላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዛሬ ኬረርስ አላዋንስ የሚባለው፣ መንግሥት ለአስታማሚ የሚከፍለው ገንዘብ፣ በሌላ ስም የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ነው። ያኔ ባለትዳር ሴት አታገኝም ነበር። ምክንያቱ? እሷማ ድሮም ቤት ናት ተባለ። ዣክሊን ድሬክ የምትባል ሴት እናቷን ለማስታመም ሥራዋን ተወች። አይገባሽም ሲሏት እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደች፤ በ1986 ተፈረደላት። እንግዲህ ገንዘቡ የተገኘው በሙግት ነው። ያፈረ ካለ ለእሷ ሲል ሐፍረቱን ይተው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»

እኛን እንደዚህ የጎዳን መልስ የለም።

ካውንስሉ የእማዬን ሁኔታ የምታይ ሴት ላከ። እማዬ ከንጋት ጀምራ ተነስታለች። ነጩን ቀሚሷን አልብሺኝ አለች፣ ነጠላዋን አጣፋች። ሴትየዋ ስትገባ የሶፋውን ክንድ ይዛ ብድግ አለች። እንግዳ ተቀምጦ አይቀበሉም! «እንዴት ነዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ምግብ ራስዎ ያዘጋጃሉ?» «አዎ፣ ምን አለኝና።» ከዚያ ይባስ ብላ ቡና ላፍላ ብላ ወደ ኩሽና አመራች። እኔ ከኋላዋ ወገቧን ደግፌ ስሄድ ሴትየዋ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራለች። ሪፖርቱ ሲመጣ ትኩስ መጠጥ ራሷ ታዘጋጃለች፣ ያለ ድጋፍ ከወንበር ትነሳለች ይላል። በዚያ ቀን የተነሳችበትን ለመክፈል ሁለት ቀን ተኝታለች። እሱ ግን የትም አልተጻፈም።

እማዬ አልዋሸችም። ገመናዋን ሸፈነች እንጂ። ሴትየዋም አልበደለችም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ተነጋገሩ። «እማዬ፣ ዛሬ ሐኪም ፊት እንዳለሽ አስቢ» ስላት ነው ነገሩ የገባት። ለሐኪም ሕመም አይደበቅም። እሷ ፊት መናገር የሚከብዳችሁን፣ ለምሳሌ የሽንት ቤቱን ነገር፣ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ወይም ለብቻ ላናግርሽ በሉ። ቡናውን ደግሞ እናንተ አፍሉ።

ከእናንተ ፎርም መጀመር

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የታማሚው ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ)፣ ቀጥሎ የናንተ። ኬረርስ አላዋንስ የሚገኘው የምታስታምሙት ሰው ከተወሰኑ ቤኔፊቶች አንዱን ካገኘ ነው። የጡረታ ዕድሜ ላይ ለደረሰ ሰው ዋናው አተንዳንስ አላዋንስ የሚባለው ሲሆን፣ ከዚያ በታች ላለ ደግሞ ፒፕ የሚባለው የአካል ጉዳትና የሕመም ድጎማ የዕለት ኑሮ ክፍል ነው።

አተንዳንስ አላዋንስ ገቢም ሆነ ቁጠባ አያይም። ብዙ ሰው «ቤት አለን፣ አይሰጡንም» ብሎ ይተወዋል። የሚያየው ምን ያህል እርዳታ እንደምትፈልግ ነው፤ ለዚያውም ባለፉት 6 ወራት። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው በሳምንት 73.90፣ ከፍተኛው 110.40 ፓውንድ ነበር። ዝቅተኛው ቀን ወይም ሌሊት እርዳታ ለሚያስፈልገው፣ ከፍተኛው ቀንም ሌሊትም ለሚያስፈልገው ነው። ወደ ኋላ አይከፈልም። ስለዚህ ፎርሙን ስልክ ደውላችሁ አስልኩ፤ በ6 ሳምንት ውስጥ ከመለሳችሁት የሚታሰበው ከደወላችሁበት ቀን ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ የኛን ቤት ጉድ ልንገራችሁ። ፎርሙን የሞላው የወንድሜ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጎበዝ ልጅ ነው። «አያቴ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ትነሻለሽ?» «8 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ።» ጻፈው። 8 ፒኤም፣ 11 ፒኤም። እማዬ የተናገረችው በሐበሻ ሰዓት ነዋ! ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ፈረንጁ 2 ኤኤም የሚለው ነው፣ ሁሉም የተኛበት። ወረቀቱ ላይ ግን ሰው ቴሌቪዥን የሚያይበት ሰዓት ሆነ። ሌሊቱ ጠፋ። ዝቅተኛውን ሰጡን። ጥፋቱ የኛ ነው። በሳምንት 36.50 ፓውንድ፣ በዓመት ወደ 1,900 ፓውንድ፣ በ6 ሰዓት ልዩነት።

ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት በፈረንጅ ሰዓት መዝግቡ። ስንት ጊዜ ተነሳች፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ማን ረዳት። «አንዳንዴ እረዳታለሁ» የሚል መልስ ዋጋ የለውም። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ኤጅ ዩኬ ወይም ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባሉት የምክር ድርጅቶች ጋ ያለ ሰው እንዲያይላችሁ አድርጉ። ነፃ ነው።

ሳያጣሩ ኬረርስ አላዋንስ ማውጣት

በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ማስታመም አለባችሁ። ገንዘቡ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሳምንት 83.30 ፓውንድ ነበር፤ ለ3 ወር ያህል ወደ ኋላ ሊከፈል ይችላል። ለአንድ ታማሚ የሚያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እህትና ወንድም ቀድማችሁ ተስማሙ። በዚህ የተኳረፈ ቤተሰብ አውቃለሁ።

አሁን ወጥመዶቹ።

የመጀመሪያው የደመወዝ ጣሪያው ነው። በኤፕሪል 2025 ከ151 ወደ 196 ፓውንድ በሳምንት ከፍ ብሎ ነበር። ታክስ፣ ናሽናል ኢንሹራንስና የፔንሽን መዋጮ ግማሽ ከተቀነሰ በኋላ ማለት ነው። ግን በአንድ ፔኒ ካለፋችሁት የሳምንቱ ኬረርስ አላዋንስ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። የአንድ ክሪስማስ ኦቨርታይም ይበቃል። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት ወስደው በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ መልሱ የተባሉ ብዙ ናቸው። ነገሩ ጩኸት አስነስቶ መንግሥት በ2024 ሊዝ ሴይስ የምትመራው ገለልተኛ ማጣሪያ አቋቋመ፤ በኖቬምበር 2025 ውጤቱ ሲወጣ ከፍና ዝቅ የሚል ደመወዝ አማካይ የሚሰላበት መመሪያ ስህተት እንደነበረበት ታመነ። ገንዘቡን መልሱ የሚል ደብዳቤ ደርሷችሁ ከነበረ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ሰዓታችሁ ሲጨምር ግን ዛሬውኑ አሳውቁ፤ እነሱ ራሳቸው ያዩታል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሁለተኛው ረቂቅ ነው። እናታችሁ ብቻዋን የምትኖርና ፔንሽን ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኛ የሚሰጥ ድጎማ) የምታገኝ ከሆነ፣ ለከባድ የአካል ጉዳት የሚሰጥ ጭማሪ ሊኖራት ይችላል፤ በሳምንት ከ80 ፓውንድ በላይ ነው። እናንተ ኬረርስ አላዋንስ መውሰድ ስትጀምሩ የእሷ ጭማሪ ይቆማል። በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ወጣ። አንዳንዴ ቤተሰቡ ጭራሽ ይከስራል። ቀድማችሁ አስሉ።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጥ ድጎማ) ላይ ካላችሁ ኬረርስ አላዋንሱ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ግን የኬረር ጭማሪ የሚባል አለ፤ ለእሱ ኬረርስ አላዋንስ ማውጣት ግድ አይደለም። ቪዛችሁ ላይ የመንግሥት ገንዘብ መውሰድ አይቻልም የሚል ካለ ደግሞ የኢሚግሬሽን አማካሪ ሳታነጋግሩ ምንም ፎርም እንዳትነኩ።

«ጡረታ ስለማገኝ አይመለከተኝም»

አባት እናትን በሚያስታምምበት ቤት ይህ ብዙ ይሰማል። እውነት ነው፣ የመንግሥት ጡረታው ከኬረርስ አላዋንሱ ከበለጠ ሁለቱ አብረው አይከፈሉም። ግን ማመልከቱ ከንቱ አይደለም። ገንዘቡ ባይከፈልም መብቱ አለ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በዚያ ደብዳቤ ፔንሽን ክሬዲት ላይ የኬረር ጭማሪ ይገኛል። እምቢ የተባለ መስሎት ደብዳቤውን የጣለ ሰው አይቻለሁ።

አሰስመንትን ፈተና ማድረግ

የኬረር አሰስመንት፣ ማለትም የአስታማሚው ሁኔታ ግምገማ፣ ስለ እናንተ ነው፣ ስለ እናታችሁ አይደለም። በ2014ቱ የኬር ሕግ መሠረት ካውንስሉ ሊያደርግላችሁ ግዴታ አለበት፤ ደመወዝ ቢኖራችሁም፣ 35 ሰዓት ባይሞላም፣ እናታችሁ እርዳታ አልፈልግም ብትልም። እንቅልፍ ታገኛላችሁ ወይ፣ ወገባችሁ እንዴት ነው፣ ሥራችሁስ ብለው ይጠይቃሉ። የሚፈራው «ማስታመም አቃታት ብለው እናቴን ኬር ሆም ያስገቧታል» ተብሎ ነው። እኔም በዚህ ፍርሃት አንድ ዓመት አባክኛለሁ። ያገኘሁት ግን እማዬ ጋ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የምትቀመጥ ሰውና ሌሊት እርዳታ የምትጠራበት በአንገት የሚንጠለጠል መጥሪያ ነው። ካውንስል ከካውንስል ይለያያል፤ ብዙ አትጠብቁ፣ ግን ጠይቁ።

እግረ መንገዳችሁን የካውንስል ታክሱንም ጠይቁ። ወላጃችሁ ጋ አብራችሁ እየኖራችሁ በሳምንት 35 ሰዓት የምታስታምሙ ከሆነና ወላጃችሁ አተንዳንስ አላዋንስ ካገኘ እናንተ ለታክሱ ከሚቆጠሩት የቤቱ ሰዎች ልትወጡ ትችላላችሁ። ባልና ሚስትን ግን አይመለከትም።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

የ12 ዓመት ልጅ የአያቱን የሽንት መቆጣጠር ችግር እንዲተረጉም አታድርጉት። እሱም ያፍራል፣ እሷም ትደብቃለች፣ ሐኪሙም ግማሹን ያጣል። ጂፒም ሆስፒታልም አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ በሉ። ሴት ይሁንልኝ ማለትም ይቻላል። ስለ ሐበሻ ሰዓቱ ግን አስተርጓሚውንም አስጠንቅቁት።

ሥራ ቶሎ መልቀቅ

ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በዓመት አንድ ሳምንት ለማስታመም ፈቃድ የመውሰድ መብት አላችሁ። ክፍያ የለውም፤ ግን ከተቀጠራችሁበት የመጀመሪያ ቀን ይጀምራል፣ በግማሽ ቀንም ተቆራርጦ ይወሰዳል። የሥራ ሰዓት እንዲስተካከልላችሁ መጠየቅም ከመጀመሪያው ቀን ይቻላል። መልቀቅ የመጨረሻው ይሁን። ከለቀቃችሁ ወይም ሰዓት ከቀነሳችሁና ኬረርስ አላዋንስ ካላገኛችሁ፣ በሳምንት 20 ሰዓት የሚያስታምም ሰው ኬረርስ ክሬዲት ጠይቆ የወደፊት ጡረታው እንዳይጎድል ማድረግ ይችላል። ይሄኛውን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሆስፒታል ላይ «እኔ አለሁላት»

ወደ መነሻዬ ልመለስ። «አለሁላት» ስትሉ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ እነሱ ፋይል ላይ ግን «እርዳታ አያስፈልግም» ተብሎ ይነበባል። ሆስፒታሉ ታማሚውን ሲያስወጣ አስታማሚውን ማሳተፍ አለበት። ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «አለሁላት፤ ግን ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ ሌሊት ብቻዬን ላነሳት አልችልም፣ ሻወር ውስጥ መያዣ የለንም።» ራሷን እንድትችል የሚያግዝ ጊዜያዊ አገልግሎት ከታዘዘላት እስከ 6 ሳምንት በነፃ ነው። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ያን ክረምት ወገቤ ባልተቀነጠሰ ነበር።

የመጀመሪያውን «አይ» መቀበል

የቤኔፊቱ ውሳኔ እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ አንድ ወር አላችሁ። ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ አይደለም። የኛ ደብዳቤ ከቴሌቪዥኑ ሥር መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተኝቷል፤ እማዬ «የባንክ መስሎኝ» አለች። በቀረን ጊዜ እንደገና እንዲታይ ጠየቅን። ስታመለክቱ ግን ተጠንቀቁ፤ እንደገና ሲያዩት የተሰጠውንም ሊቀንሱት ይችላሉ፣ ስለዚህ አማካሪ ይቅደም። እዚያም እምቢ ካሉ ትሪቢዩናል የሚባል ይግባኝ ሰሚ አለ፤ እሱም አያስከፍልም።

እኛ የላክነው አዲስ ነገር አልነበረም። የአንድ ሳምንት የሌሊት መዝገብ ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት። 2 ኤኤም፣ 25 ደቂቃ። 5 ኤኤም፣ 15 ደቂቃ፣ አንሶላ ተቀየረ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከፍተኛው ተፈቀደ። ደብዳቤውን አንብቤ ለእማዬ ስነግራት «8 ሰዓት ነው ብዬ ነግሬያቸው አልነበር?» አለችኝ።